የልኬት በጀቱ ይመለስ፦ ለልብና የደም ሥር ምርምር ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለልብና የደም ሥር ሕመሞች ምርምር ገንዘብ ለሚመድበው ቦርድ

ክቡራን የቦርዱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በምርምር ጣቢያዎች የደም ግፊት የምንለካ ነርሶች፣ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ቅጂ) የምናነሣ ቴክኒሺያኖች፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የምንሠራ ባለሙያዎች፣ የደም ናሙና የምንመረምር የላቦራቶሪ ሠራተኞችና ውጤቱን የምናነብ ሐኪሞች ነን። ያስነሣን ለሚቀጥለው የምርምር ዙር ያወጣችሁት የበጀት መመሪያ ነው።

መመሪያው ሦስት ወጪዎችን «ደጋፊ ወጪ» በሚል ስም ከድጋፉ አስወጥቷል። እነሱም የለኪዎች ሥልጠናና በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ድጋሚ ፈተና፣ የመሣሪያዎች ካሊብሬሽን (ትክክለኛነታቸው የሚፈተሽበትና የሚስተካከልበት ሥራ)፣ እንዲሁም ኢሲጂና ኢኮ በሁለተኛ አንባቢ ለሚታይበት የሚከፈለው ክፍያ ናቸው። ጣቢያዎቹ ከራሳቸው ይሸፍኑት ይላል። እንደማይሸፍኑት እናንተም ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው አንባቢ ወደፊት ሶፍትዌር እንደሚሆን ተጽፏል። የጥናቱን አሠራር የሚወስነው የፕሮቶኮል ኮሚቴ ዋና ተመራማሪዎችንና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችን ብቻ እንዲይዝ፣ ጥናቶችም በሁለት ዓመት እንዲጠናቀቁ ተወስኗል። መመሪያው ሲረቀቅ ከእኛ ወገን የተጠየቀ ሰው የለም። ስለዚህ ሳንጠየቅ እንናገራለን።

ከደም ግፊት እንጀምር። ሁሉም የሚያውቀው፣ በዚያው ልክ ማንም የማይጠነቀቅለት ልኬት ነው። አሠራሩ በወረቀት ላይ አጭር ነው። ተሳታፊው ከመለካቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ስፖርት አይሠራም። ሽንቱን ሸንቶ ይገባል። ጀርባው ተደግፎ፣ ሁለቱ እግሮቹ ሳይነባበሩ ወለሉን ረግጠው፣ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ክንዱ ከልብስ ነጻ ሆኖ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ከ1 እስከ 2 ደቂቃ እየተቆየ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለካና አማካዩ ይያዛል። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ክንዶች ይለካሉ።

በሥራ ሰዓት የሚሆነው ሌላ ነው። ሰውየው ከኮሪደር ተጠርቶ ይገባል። ክፍሉ ውስጥ ያለችው አንድ ወንበር ፋይል ስለተቆለለባት የምርመራ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ጀርባው አልተደገፈም፣ እግሮቹ ተንጠልጥለዋል። የሸሚዙ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንዱን ጨምድዶ ይዟል። ክንዱ ጭኑ ላይ ነው። ካፉ (ክንድ ላይ የሚታሰረው የሚነፋ ጨርቅ) እየተነፋ «መድኃኒትዎን ዛሬ ወስደዋል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እሱም ይመልሳል። ውጭ ሌሎች አሥራ አምስት ሰዎች እየጠበቁ ነው። ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም።

ስህተቱ ስንት ያወጣል? እግር ማነባበር ሲስቶሊኩን፣ ማለትም የላይኛውን የግፊት ቁጥር፣ ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ይጨምራል። ክንድ ከልብ ደረጃ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ከ7 እስከ 8 ይጨምራል፤ ያ የደሙ ዓምድ ክብደት ነው እንጂ የሰውየው ግፊት አይደለም። ማውራት እስከ 10 ሊጨምር ይችላል። አሁን እነዚህን ከሚከተለው ጋር አስተያዩልን። በ2021 የታተመው፣ 48 ጥናቶችንና ከ340,000 በላይ ተሳታፊዎችን ያጠቃለለው ትንተና እንዳሳየው ሲስቶሊክ ግፊት በ5 ሲቀንስ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በ10 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። አንድ መድኃኒት ይህን 5 ያስገኝ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ገንዘብ ትመድባላችሁ። የተነባበረ እግር ብቻውን 5ቱን ሊውጠው ይችላል።

ካፉ ደግሞ የባሰ ነው። በካፉ ውስጥ ያለው የሚነፋው ከረጢት ርዝመት የክንዱን ዙሪያ 80 ከመቶ፣ ወርዱ 40 ከመቶ መሸፈን አለበት። መካከለኛው የአዋቂ ካፍ በተለምዶ ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ላለው ክንድ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 44 ትልቁ፣ ከ45 ጀምሮ እጅግ ትልቁ ያስፈልጋል። በ2023 የወጣ፣ የካፍ ልክ በየተራ እየተቀያየረ የተፈተነበት ጥናት እጅግ ትልቁ ካፍ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ መካከለኛው ሲታሰር ሲስቶሊኩ በአማካይ 19.5 ከፍ ብሎ መነበቡን አሳይቷል። ቀጭን ክንድ ላይ ሲታሰር ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ካፍ ብቻ ያለው ጣቢያ ጤነኛውን ወፍራም «ደም ብዛት አለበት» ሊል፣ የቀጭኑ ሰው ደም ብዛት ደግሞ ሊያመልጠው ይችላል። ከዚህ ዳታ ተነሥቶ ውፍረት ግፊትን ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሰላ ሰው የሚያሰላው የካፉን ስህተት ጭምር ነው። የተሟላ የካፍ ስብስብ በመመሪያችሁ «ደጋፊ ወጪ» ነው። የክንድ መለኪያ ሜትሩ እንኳ።

ስለ ካሊብሬሽንም አንድ ነገር እንበል። የሰዓት ዓይነቱ የግፊት መለኪያ መርፌው ዜሮ ላይ ስለተኛ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ወድቆ፣ ዜሮው ላይ ተመልሶ፣ 150 ላይ ሲደርስ 8 የሚዋሽ መሣሪያ አለ። የሚታወቀው በሦስት አቅጣጫ ቱቦ ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ተገናኝቶ፣ እየተነፋ በየደረጃው ሲነጻጸር ብቻ ነው። ለአንድ መሣሪያ ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድም።

ብዙ የማይታወቅ ሌላ ፍተሻ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግን የሚሠራው ሰው ጊዜ ይፈልጋል። በ2 ሚሊ ሜትር በተከፋፈለ መለኪያ በጆሮ እየተሰማ ሲለካ የመጨረሻው አኃዝ 0፣ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 ነው፤ ዜሮ ከአምስት አንዴ፣ ማለትም 20 ከመቶ ገደማ መምጣት አለበት። የአንድ ለኪ ዜሮዎች 50 ከመቶ ሲደርሱ ሰውየው እየለካ ሳይሆን እያጠጋጋ ነው። በዚህ ልኬት ውስጥ 5 የሚባል አኃዝ ከተገኘማ መለኪያው ላይ የሌለ ቁጥር ተጽፏል። ዋና ተመራማሪዎች ይህን ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ጥናቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚታረም ነገር የለም።

ልኬት ከውጤቱ ጋር ካልተጓዘ ምን እንደሚሆን በ2015 ከተጠናቀቀው ስፕሪንት ጥናት ማየት ይቻላል። 9,361 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሲስቶሊክን ከ120 በታች ማውረድ ከ140 በታች ከማውረድ እንደሚሻል አሳየ። የተለካው ግን ከ5 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ፣ ራሱ በሚነፋ መሣሪያ፣ በሦስት ልኬት አማካይ ነበር፤ በብዙ ጣቢያዎች ለኪው ከክፍሉ ወጥቶ። ያ 120 በጥድፊያ ከተገኘ 120 ጋር አንድ አይደለም። ሐኪም ከላይ በገለጽነው አልጋ ጠርዝ ላይ የተለካውን ቁጥር ይዞ 120 ላይ ለመድረስ መድኃኒት ሲጨምር፣ ታማሚው ከመቀመጫው ሲነሣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ጥናቱ አልዋሸም። የአለካኩ ዝርዝር ከቁጥሩ ጋር አብሮ ባለመጓዙ ግን ለዓመታት ክርክር ሆነ።

ወደ ኢሲጂ እንለፍ። 12 ሊድ (ልብ ከ12 አቅጣጫ የሚታይበትን መስመር) ለማንሣት 10 ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ አራቱ እጅና እግር ላይ፣ ስድስቱ (ከቪ1 እስከ ቪ6) ደረት ላይ። ቪ1 እና ቪ2 የሚለጠፉት በአራተኛው የጎድን አጥንቶች መካከል፣ ከደረት አጥንቱ ቀኝና ግራ ነው። ቦታውን ለማግኘት በደረት አጥንቱ ላይ ያለችው ጉብታ በጣት ትፈለጋለች፤ ሁለተኛው ጎድን እሷ ጋ ይጋጠማል፤ ከሱ በታች ያለው ክፍተት ሁለተኛው ነው፤ ከዚያ ሁለት ወደ ታች ይቆጠራል። ይህ 20 ሰከንድ አይፈጅም። በዓይን የሚለጥፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ክፍተት ወደ ላይ ይወጣል።

ያኔ በኢሲጂው መስመር ላይ የአር ሞገድ በቪ1፣ በቪ2 እና በቪ3 ያንሳል፣ የቲ ሞገድ ይገለበጣል፣ መሣሪያውም «የቆየ የፊት ግድግዳ ኢንፋርክት» (ያለፈ የልብ ጥቃት) ብሎ ያትማል። ሴቶች ላይ ቪ4 ከጡት በታች መሆን ሲገባው በኀፍረት ወይም በጥድፊያ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ቪ5 እና ቪ6 ተከትለው ይሄዳሉ። የቀኝና የግራ እጅ ገመድ ሲቀያየር ሊድ 1 ይገለበጣል፤ ይህን እንኳ የነቃ አንባቢ ይይዘዋል። የፊልተሩን (የማይፈለግ ምልክት ማጣሪያውን) ስህተት ግን ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያላነበበ አይይዘውም። ለምርመራ ታችኛው ወሰን 0.05 ሄርዝ፣ ላይኛው 150 መሆን አለበት። መስመሩ እንዲያምር ተብሎ ታችኛው ወደ 0.5 ሲወጣ በአንዳንድ መሣሪያዎች የልብ ጥቃት የሚታይበት የኤስቲ ክፍል ይዛባል፤ ላይኛው ወደ 40 ሲወርድ ደቃቅ ጥርሶች ይጠፋሉ። ያማረ ኢሲጂ ሁሉ ጤነኛ ኢሲጂ አይደለም።

ይህ ምርምሩን የሚጎዳበት መንገድ ግልጽ ነው። ብዙ ጥናቶች ምልክት ሳያሳይ ያለፈን የልብ ጥቃት የሚቆጥሩት የመጀመሪያውን ኢሲጂ ቆይቶ ከተነሣው ጋር በማስተያየት ነው። መጀመሪያ አንዱ፣ በኋላ ሌላው ቴክኒሺያን በሌላ ክፍተት ላይ ከለጠፉ «አዲስ ኢንፋርክት» ይፈጠራል። ታማሚው ምንም አልሆነ፤ የተለወጠው የቴክኒሺያኑ ጣት ነው። ሁለት አንባቢዎች ሳይተያዩ የሚያነቡት፣ ሲለያዩም ሦስተኛ የሚዳኘው ለዚህ ነው። እናንተ የሰረዛችሁት ይህንን ነው።

ኢኮ ላይ ስህተቱ በሒሳብ ይታያል፤ ስለዚህ እናስላው። የአኦርታ ቫልቭ ጥበት ሲለካ የቫልቩ ስፋት የሚገኘው ከግራው ልብ የደም መውጫ ዲያሜትር ነው፤ ዲያሜትሩም በስሌቱ ውስጥ በራሱ ይባዛል። መውጫው 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 3.14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ባለሙያው 18 ብሎ ቢለካው 2.54 ይሆናል። በአንድ ምት በመውጫው የተለካው የደም ፍሰት ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር፣ በቫልቩ 60 ነው እንበል፤ የመውጫው ስፋት በ20 ተባዝቶ ለ60 ይካፈላል። በመጀመሪያው ልኬት ቫልቩ 1.05፣ በሁለተኛው 0.85 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ከባድ ጥበት የሚባለው 1.0 እና ከዚያ በታች ነው። በሁለት ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ስክሪን ላይ ከርሰሯን ትንሽ ወደ ውስጥ በማስጠጋት፣ አንድ ሰው ከመካከለኛ ወደ ከባድ ይሻገራል።

የደሙን ፍጥነት የሚለካው ዶፕለር ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሳሳታል። ጨረሩ ከደሙ ፍሰት 30 ዲግሪ ቢያፈነግጥ በሴኮንድ 4 ሜትር የሚፈስ ደም 3.46 ሆኖ ይነበባል፤ ከፍጥነቱ የሚሰላው ከፍተኛው የግፊት ልዩነት ከ64 ወደ 48 ይወርዳል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በአፔክስ (በልብ ጫፍ) በኩል ብቻ ሳይሆን ታማሚውን በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ከደረት አጥንቱ በስተቀኝም መፈለግና ትልቁን ፍጥነት መያዝ። ይህ ግን 10 ተጨማሪ ደቂቃ ነው፤ በቀን 25 ሰው ይሥራ የተባለ ባለሙያ ደግሞ 10 ደቂቃ የለውም።

የልብ የመግፋት አቅም የሚባለው ቁጥርም፣ ማለትም ግራው ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚገፋው መቶኛ፣ በዚሁ መንፈስ ይታይ። ለልብ ድካም ጥናቶች መግቢያ በብዛት 40 ከመቶና ከዚያ በታች ነው። አፔክሱ በደንብ ካልተገኘና ልቡ አጥሮ ከታየ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሁለት ልምድ ያላቸው አንባቢዎች ያንኑ ምስል አይተው በ5 ነጥብና ከዚያ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። በዚህ ላይ ክፍያ በተመዘገበ ሰው ቁጥር ሲሆን 41 እና 42 የሚባሉ ቁጥሮች ከፋይሉ ይጠፋሉ፤ 39 እና 40 ይበዛሉ። ይህን የምንለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የክፍያው አወቃቀር የእናንተ ስለሆነ ነው።

የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ስለሚለቀቀው ፕሮቲን፣ ስለ ትሮፖኒን፣ በአጭሩ። የልብ ጥቃትን ለመለየት የሚፈለገው ከጤነኞች 99ኛ ፐርሰንታይል (99 ከመቶው ጤነኛ ከማያልፈው ወሰን) በላይ የሆነና የሚወጣ ወይም የሚወርድ ውጤት ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የተለያዩ ኩባንያዎች ምርመራዎች ቁጥር አይመሳሰልም፣ አንዱ በሌላው አይተካም። ከታወቁት የትሮፖኒን አይ ምርመራዎች በአንዱ ወሰኑ ለሴት 16፣ ለወንድ 34 ናኖግራም በሊትር ነው፤ ለሁለቱም አንድ ወሰን የሚጠቀም ጥናት የሴቶችን ጥቃት ይዘላል። አንዱ ጣቢያ በሊትር፣ ሌላው በሚሊ ሊትር ሲጽፍ ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ ግን ምንም የማስጠንቀቂያ ድምፅ አይወጣም። የደሙ ሕዋሳት በመርፌው ውስጥ ከተሰባበሩ ትሮፖኒን ቲ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን በብዛት የሚወስድ ሰው ውጤትም በአንዳንድ ምርመራዎች በሐሰት ዝቅ ይላል፤ ይህን የሚጠይቅ ቅጽ ብዙ አላየንም። ከሁሉም የሚከፋው የሰዓቱ ነገር ነው። ታማሚው እንደደረሰና ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚወሰድ ናሙና ትርጉም የሚኖረው የተቀዳበት ደቂቃ ሲጻፍ ነው፤ በቅጹ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ የደረሰበት ነው።

የእግር ደም ሥር ጥበት የሚለካበት የቁርጭምጭሚትና የክንድ ግፊት ንጽጽርም ያው ነው። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ተካፍሎ 0.90 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጥበት ነው፤ ከ1.40 በላይ ሲሆን ደም ሥሩ ደንድኖ አልታመቅ ብሏል ማለት ነውና በእግር ጣት መለካት ያስፈልጋል። የስኳርና የኩላሊት ታማሚዎች በብዛት እዚህ ይወድቃሉ። የጣት ካፍ የሌለው ጣቢያ «ጤነኛ» ብሎ ይመዘግባቸዋል፤ ከሁሉ በላይ እግራቸውን ሊያጡ የሚችሉት እነሱ ሆነው ሳለ።

ቅጾቹን በአማርኛ ስታዘጋጁም ጠያቂዎቹን አማክሩ። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ጨጓራው እየተናገረ ነው። «የልብ ድካም» የሚለውን አንዱ የልብ መድከም፣ ሌላው ድንገተኛ የልብ ጥቃት አድርጎ ይሰማዋል። በዚህ ላይ «ነበረብዎት ወይ?» ብሎ አዎ ወይም አይ ማስመረጥ ዳታ አይባልም።

አሁን ወደ ከባዱ ቅሬታችን እንምጣ። ለልኬት የሚመደበው ገንዘብ ሲቆረጥ ሁሉም እኩል አይጎዳም፤ መጀመሪያ ከጥናቱ የሚወጡት ለመለካት የሚያስቸግሩ ሰዎች ናቸው። የልብ ምቱ ያልተስተካከለ ሰው በራሱ የሚነፋው መሣሪያ ስለሚሳሳትበት ሦስትና ከዚያ በላይ ልኬት፣ በኢኮም የብዙ ምቶች አማካይ ይፈልጋል። ክንዱ ወፍራም የሆነ፣ ቫልቩ የተበላሸ፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ መቆም የማይችል አዛውንት፣ ሁሉም ጊዜ ይፈልጋሉ። ጊዜ የሌለው ፕሮቶኮል «የማይካተቱ» በሚለው ርእስ ሥር ይዘረዝራቸዋል።

የዚህን ዋጋ አይተናል። አዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች ከ2009 ጀምሮ በተከታታይ በወጡ ትልልቅ ጥናቶች ሲፈተኑ መካከለኛና ከባድ የሚትራል ቫልቭ ጥበት ያለባቸው ሰዎች አልተካተቱም። ለዚህ ጥበት የሚዳርገው የሩማቲክ የልብ ሕመም ታማሚዎች መልስ ያገኙት በ2022 ነው። በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ ታማሚዎችን የያዘው ኢንቪክተስ ጥናት ከአዲሶቹ አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ እንደ ዋርፋሪን ካሉ ነባር መድኃኒቶች ጋር አወዳደረ፤ ብዙ ሐኪሞች አዲሱ ቢያንስ እኩል ይሆናል ብለው ሲጠብቁ ነባሩ በልጦ ተገኘ፤ ሞትም በሱ አነሰ። በመካከል ባሉት 13 ዓመታት ስንት ሰው ከሌሎች ታማሚዎች በተገኘ ውጤት መድኃኒቱ ተቀየረለት?

የሁለት ዓመቱ ገደብም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሞትንና ስትሮክን ለመቁጠር እጅግ ብዙ ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተመራማሪው ሞትን ራሱን ከመቁጠር ይልቅ እሱን ይተካል ወደተባለ ምልክት ይሸሻል። ይህ መንገድ የት እንዳደረሰ የሚያስታውስ ሰው በቦርዱ ውስጥ እንዳለ ተስፋ እናደርጋለን። ከልብ ጥቃት በኋላ ያለጊዜው የሚመጡ ምቶችን ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉት የልብ ምት መድኃኒቶች በሚገባ ይቀንሱ ነበር፤ የልብን ምት ለረጅም ሰዓት በሚቀርጸው ሆልተር ላይ በግልጽ ይታያል። ካስት የተባለው ጥናት ሞትን ሲቆጥር ግን በ1991 በወጣው ውጤት ከ1,498 ሰዎች መድኃኒቱን ከወሰዱት 63፣ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ከወሰዱት 26 ሞተው ነበር። ምልክቱ ተሻሻለ፣ ሰዎቹ ሞቱ። ይባስ ብሎ ሎርካይናይድ በተባለ ተመሳሳይ መድኃኒት ላይ በ1980 በተሠራ ትንሽ ጥናት 9 ለ 1 የሆነ የሞት ልዩነት ታይቶ ነበር፤ የታተመው በ1993 ነው። ጥናቱ በጊዜው ቢወጣ ማስጠንቀቂያ ይሆን ነበር ብለው ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። መመሪያችሁ ያልተሳካ ውጤት በስንት ጊዜ ይታተም የሚል አንድ መስመር የለውም።

በመጨረሻ ስለ ሶፍትዌሩ። ሶፍትዌርን አንቃወምም፤ በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ግን የሚማረው እኛ ከምንሰጠው ነው። ቪ1 ወደ ላይ በወጣበት ኢሲጂ የሠለጠነ ሶፍትዌር ያንኑ ስህተት በፍጥነት ይደግመዋል። ሌላም አለ። በ95 ከመቶ ሕመሙን የሚይዝ፣ በ95 ከመቶ ጤነኛውን የሚለይ ሶፍትዌር፣ ከአሥር ሰው ሦስቱ ታማሚ በሆነበት የልብ ክፍል ቢፈተን ግሩም ይመስላል፤ ከ10,000 ሰዎች 3,000ው ታማሚ ከሆኑ «ታሟል» ከሚላቸው 89 ከመቶው በእርግጥ ታመዋል። ይህንኑ ሶፍትዌር ከ10,000 ሰዎች 100ው ብቻ በታመሙበት የማኅበረሰብ ጥናት ላይ አውሉት። 95 ታማሚዎችን ይይዛል፣ ከእነሱ ጋር 495 ጤነኞችን ይከምራል። «ታሟል» ከተባሉት 16 ከመቶው ብቻ ናቸው የታመሙት። ሁለተኛው አንባቢ ከሌለ የቀሩትን 84 ከመቶ ማን ይለያቸዋል?

ከላይ በዘረዘርናቸው ምክንያቶች የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የተሰረዙት ሦስት ወጪዎች፣ ሥልጠናው ከድጋሚ ፈተናው ጋር፣ ካሊብሬሽኑና የሁለተኛው አንባቢ ክፍያ፣ ወደ ዋናው በጀት ይመለሱ። ከጣቢያው ሌላ ወጪ ጋር እንዳይቀላቀሉ በተለየ ርእስ ይያዙ።

በፕሮቶኮል ኮሚቴው ውስጥ በእጃቸው ከሚለኩ ባለሙያዎች ቢያንስ ሁለት ሰዎች በድምፅ ይወከሉ። «የማይካተቱ» የሚለው ዝርዝር ሲጸድቅ ለእያንዳንዱ ምክንያት ይጻፍ፤ «ለመለካት ያስቸግራል» የሚለው ብቻውን እንደ ምክንያት አይቆጠር።

ከየጣቢያው ከሚላከው ኢሲጂና ኢኮ ቢያንስ አሥር ከመቶው በዕጣ ተመርጦ የመጀመሪያውን ውጤት በማያውቅ ሰው እንደገና ይነበብ። የግፊት ልኬቶች የመጨረሻ አኃዝ ሠንጠረዥ ለኪው በየወሩ ይድረሰው፤ ለቅጣት ሳይሆን እንዲያርም።

ለጣቢያዎች የሚከፈለው በተመዘገበ ሰው ብቻ መሆኑ ይቅርና ከልኬት ጥራት ጋር ይያያዝ። የአንድ ኢኮ ምርመራ ጊዜ ከ40 ደቂቃ እንዳያንስ በውሉ ይጻፍ።

በገንዘባችሁ የተሠራ ማንኛውም ጥናት፣ ተሳካም አልተሳካም፣ ባለቀ በ12 ወር ውስጥ ውጤቱ ጥናቱ በተመዘገበበት መዝገብ ላይ ይውጣ፤ የአለካክ መመሪያውም ከውጤቱ ጋር አብሮ ይታተም። ሞትንና ስትሮክን ለሚቆጥሩ ጥናቶች የሁለት ዓመቱ ገደብ ይነሣ።

ሁለተኛ አንባቢን የሚተካ ማንኛውም ሶፍትዌር አስቀድሞ ጥናቱ በሚካሄድበት ዓይነት ሕዝብና መሣሪያ ላይ ይፈተን፤ ውጤቱም ለጣቢያዎች ይገለጽ።

መልሳችሁን በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩን የግፊት መለኪያዎቹን፣ የካፎቹን ስብስብና የተሳሳቱትን ኢሲጂዎች የተሳታፊ ስም ሳይኖርባቸው ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በልብና የደም ሥር ምርምር ጣቢያዎች የምንሠራ ነርሶች፣ የኢሲጂ ቴክኒሺያኖች፣ የኢኮ ባለሙያዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ሐኪሞች

ግልባጭ፦
ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች
ለሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች